ካሳው መጣ፤ ቃሉስ?

እርቅ ደም ያደርቃል ይላል ያገራችን ሰው። እንዴት እንደሚያደርቅም ሥርዓት አበጅቶለታል። በዳይ ከሽማግሎች ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ የሚከፍተው አፉን ነው፤ ኪሱን የሚከፍተው ኋላ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ እግር ሥር የሚወድቀው፣ «አጥፍቻለሁ፣ ስለ እግዜር ብላችሁ ማሩኝ» የሚለው የካሳው መጠን ከመነሣቱ በፊት ነው። ጥፋቱን ሳያምን «ስንት ልክፈል?» ብሎ የሚጀምር ሰው ቢመጣ ሽማግሎቹ «ይህ ሰው ሊታረቅ ነው የመጣው ወይስ በሬ ሊገዛ?» ብለው መነሣታቸው አይቀርም።

ይህን ቅደም ተከተል እንዳሰላስል ያደረገኝ ከባሕር ማዶ ያለ ጉዳይ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ የየክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃብያነ ሕግ ኅብረት ፈጥረው ታላላቅ ኩባንያዎችን በጋራ ይመረምራሉ፤ በጋራ ይከሳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ፍርድ ሳይሰጥ በስምምነት ይጨርሳሉ። የሚከፈለው ገንዘብ ለሰሚ የሚከብድ ነው፤ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር። በስምምነቶቹ ውስጥ ደግሞ ከገንዘቡ አኃዝ ጎን ለጎን ደጋግማ ብቅ የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፦ ኩባንያው ይህን ገንዘብ የሚከፍለው ጥፋት መፈጸሙን አምኖ አይደለም የምትል። ኪሱ ተከፈተ፤ አፉ ግን እንደተዘጋ ቀረ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ጥፋቱን ያላመነ ወገን የሚከፍለው ገንዘብ ካሳ ነው ወይስ ዋጋ? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ካሳ ወደ ኋላ ያያል፤ የተሰበረውን፣ የሞተውን፣ የጎደለውን ያያል። ዋጋ ግን ከፋዩ በምላሹ የሚረከበውን ያያል። እነዚህ ኩባንያዎች የሚረከቡት ምንድን ነው ቢባል ሰላም ነው፤ ከእንግዲህ በዚህ ነገር አትከሰሱም የሚል የተፈረመበት ወረቀት። ታዲያ ሕዝብን ወክሎ ከጠረጴዛው የተቀመጠው ዐቃቤ ሕግ ለገንዘብ ሲል የቱን አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል? የቱንስ ፈጽሞ ሊሸጠው አይገባም?

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንባቢ እንዳይደናገር፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድር ቢያብር

አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አለው። ከሃምሳዎቹ ክፍለ ግዛቶች በ43ቱ ይህን ሹም የሚመርጠው ራሱ ሕዝቡ ነው። ሸማችን ያታለለ፣ ገበያን ያጣመመ፣ የሕዝብን ጤና የጎዳ ነጋዴ ሲገኝ የመክሰስ ሥልጣን አለው። ዳሩ ግን የአንዲት ትንሽ ክፍለ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ከዓለም አቀፍ ኩባንያ ጋር ብቻውን ቢጋጠም ከኋላው ያሉት ጠበቆች ጥቂት፣ ከፊቱ ያሉት ደግሞ ጭፍራ ናቸው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» እንል የነበረው በዘውድ ዘመን ነው፤ በእኛ ዘመን ያንን ዙፋን የወረሰው አንዳንዴ ኩባንያ ይመስለኛል።

መድኃኒቱ መተባበር ሆነ። ገና በ1907 ዓ.ም. የተወሰኑ ክፍለ ግዛቶች ዐቃብያነ ሕግ የሮክፌለርን ስታንዳርድ ኦይል እንዴት እንቋቋመው ብለው ተሰብስበው ነበር፤ ብሔራዊ ማኅበራቸውም የተወለደው ከዚያ ነው። አሠራሩ ዛሬ የታወቀ መልክ ይዟል። ጥቂት ክፍለ ግዛቶች መሪ ኮሚቴ ይሆናሉ። ክስ ከመመሥረቱ በፊት ኩባንያው የውስጥ ሰነዶቹን እንዲያስረክብ ያዝዛሉ፤ የተገኘውን ይካፈላሉ፤ የባለሙያና የጠበቃ ወጪ በጋራ ይሸፍናሉ። ከዚያ አንድ የስምምነት ረቂቅ ይዘጋጃል፤ ሌሎቹም እየመጡ ይፈርማሉ። ኩባንያውም ቢሆን በሃምሳ ችሎት ከመንከራተት በአንድ ጠረጴዛ መጨረስን ይመርጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

የዚህ አሠራር ትልቁ ምሳሌ የትምባሆው ጉዳይ ነው። ለአሥርት ዓመታት ሳምባቸው የተበላ አጫሾች ኩባንያዎቹን ሲከሱ ኖረዋል፤ ሲረቱም ኖረዋል። የኩባንያዎቹ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ማን አስገደደህ? ፓኮው ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል፤ የመረጥከው አንተ ነህ። በግንቦት 1994 ዓ.ም. የሚሲሲፒ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማይክ ሙር ነገሩን ከሌላ በኩል አነሣው። ክፍለ ግዛቱ ሲጋራ አላጨሰም፤ ምንም አልመረጠም፤ ሆኖም በሲጋራ የታመሙ ድሆችን የሚያሳክመው በራሱ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ያወጣውን ይተኩለት። «ማን አስገደደህ?» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ሥፍራ አጣ።

ያ ክስ ከመመሥረቱ ከአንድ ወር በፊት፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ የሰባት ትምባሆ ኩባንያዎች ኃላፊዎች በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት እጃቸውን አንሥተው ከማሉ በኋላ ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለው እንደማያምኑ ተራ በተራ ተናግረው ነበር። ከእነዚሁ ኩባንያዎች የአንዱ፣ የብራውን ኤንድ ዊልያምሰን የሕግ ኃላፊ ግን ኒኮቲን ሱስ አስያዥ መሆኑን፣ ንግዳቸውም ኒኮቲን መሸጥ መሆኑን በውስጥ ማስታወሻ ያሰፈረው በ1963 ዓ.ም. ነበር። በማስታወሻውና በመሐላው መካከል 31 ዓመት አለ። በእነዚያ 31 ዓመታት ስንት ሰው «ጥፋቱ የራሴ ነው» እያለ እንደሞተ አስቡት።

ከሚሲሲፒ በኋላ ሌሎቹ ተከተሉ። ሚሲሲፒና ፍሎሪዳ በ1997፣ ቴክሳስና ሚኒሶታ በ1998 ለየብቻ ተስማሙ። ኅዳር 23 ቀን 1998 ዓ.ም. ደግሞ የቀሩት 46 ክፍለ ግዛቶች ከአራቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ፈረሙ። በመጀመሪያዎቹ 25 ዓመታት ይከፈላል የተባለው 206 ቢሊዮን ዶላር ነበር። የመንገድ ዳር የሲጋራ ማስታወቂያዎች ወረዱ፤ ልጆችን የሚያማልሉ የካርቱን ሥዕሎች ታገዱ። በ1997 ከአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል ሲጋራ የሚያጨሱት ከመቶ 36.4 ነበሩ፤ በ2019 ከመቶ 6 ሆኑ። ለዚህ ሌላም ብዙ ምክንያት አለው፤ ግብር አለ፣ በአደባባይ ማጨስን የሚከለክል ሕግ አለ፣ ሲጋራን የተካ የኤሌክትሪክ ማጨሻም መጥቷል። ቢሆንም ስምምነቱ ድርሻ የለውም የሚል አይገኝም።

አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄ አለ። በዚህ ጉዳይ ስንከራከር አምሽተናል። «አንተ የምትፈልገው ቲያትር ነው» ይለኛል። «ሙታን አይነሡም። ዐቃቤ ሕጉ ፍርድ ካላየሁ ብሎ አሥር ዓመት ቢሟገትና በመጨረሻ ቢረታ፣ በዚያ አሥር ዓመት ለሚታመሙት ምን ይላቸዋል? በእጅ ያለ ካሳ ይሻላል።» ቀላል ክርክር አይደለም። የታመመ ሰው ቀጠሮ አይችልም። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ ፈላስፋ አይደለም፤ የሚቀርብለት ምርጫ በመልካምና በክፉ መካከል ሳይሆን በጎደሎና በባዶ መካከል ነው። ስለዚህ ስምምነት በራሱ ነውር ነው አልልም። ስምምነቱን ከነአካሉ ማየት ግን ይገባል።

ላም እሳት ወለደች

መጀመሪያ፣ ገንዘቡን ማን ከፈለ? ስምምነቱ በተፈረመበት ሰሞን ትልልቆቹ ኩባንያዎች በአንድ ፓኮ ሲጋራ ላይ 45 ሳንቲም ጨመሩ። ካሳውን የከፈለው እንግዲህ ሱሰኛው ራሱ ነው ማለት ነው። የዋጋው ጭማሪ ወጣቱን ከሲጋራ ለማራቅ እንደረዳ አልክድም፤ ለጤና በጀ። ነገር ግን በሥነ ምግባር ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው፣ የተወጋው ሰው የወጊውን ዕዳ በየቀኑ በፓኮ በፓኮ እየከፈለ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። ኩባንያዎቹ በየዓመቱ የሚከፍሉት ገንዘብ ከሚሸጡት ሲጋራ ብዛት ጋር የተያያዘ ነው፤ ሽያጩ ሲወርድ ክፍያውም ይወርዳል። ትናንት ከሳሽ የነበረው መንግሥት ዛሬ ከሲጋራ ገበያ ድርሻ ያለው ሆነ። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ይባስ ብለው ወደፊት የሚመጣውን ክፍያ አስይዘው ቦንድ ሸጡ፤ የነገውን ካሳ ዛሬ በሉት። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ገንዘቡም የሄደበት መንገድ ያስገርማል። ሰሜን ካሮላይና ከደረሳት የተወሰነውን ለትምባሆ አምራቾች አዋለችው። በ2019 የበጀት ዓመት ክፍለ ግዛቶቹ ከትምባሆ ካሳና ግብር 27.3 ቢሊዮን ዶላር ሰበሰቡ ሲባል፣ ሰዎችን ከማጨስ ለመከላከልና ለማስተው የመደቡት ከመቶ 2.4 ነበር። በሟች ስም የተሰበሰበ ገንዘብ መንገድ ጠረገ፣ የበጀት ቀዳዳ ደፈነ። መንገድ መጥረግ ክፉ ሥራ አይደለም። የሟች ስም ግን ለመንገድ አልተሰጠም።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ዙሪያ አሜሪካውያን ቤታቸውን በዕዳ ሲነጠቁ፣ ባንኮቹ የነጠቃ ሰነዶችን በፋብሪካ አሠራር ያመርቱ እንደነበር ታወቀ። አንድ ሠራተኛ ያላነበበውን መዝገብ «አንብቤ አረጋግጫለሁ» እያለ በቀን ብዙ ወረቀት ይፈርም ነበር። የካቲት 2012 ዓ.ም. 49 ክፍለ ግዛቶችና የፌዴራሉ መንግሥት ከአምስት ትልልቅ አበዳሪዎች ጋር ተስማሙ፤ የስምምነቱ መጠን 25 ቢሊዮን ዶላር ተባለ። አብዛኛው በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ሳይሆን ለተበዳሪዎች በሚደረግ ማቃለያ የሚታሰብ ነበር። ቤታቸውን ላጡት የተመደበው ሲከፋፈል ለ960 ሺህ ገደማ ሰዎች በነፍስ ወከፍ 1,480 ዶላር ያህል ደረሳቸው።

አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ዶላር። ቤት ማለት የልጆች ቁመት በምሰሶው ላይ የተለካበት ቦታ ነው። ቼኩ በፖስታ መጣ፤ «የፈረምነውን አላነበብነውም ነበር፣ በድለንሃል» የሚል ሰው ግን አብሮት አልመጣም። እኔ ተቀባዩን ብሆን የገንዘቡ ማነስ ከሚያንገበግበኝ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ዝምታው።

ኩባንያ አንገት አለው?

ወዳጄ እዚህ ላይ የያዘውን ይዞ ይነሣል። «ኩባንያ ሰው አይደለም» ይላል። «ድንጋይ ተሸክሞ የሚወድቅ ሰው ድንጋዩ አንገቱን ስለሚያመው፣ ጎረቤት ስለሚያየው፣ ነገ በዚያው መንገድ ስለሚያልፍ ነው ቃሉ ዋጋ ያለው። ኩባንያ አንገት የለውም። አምኛለሁ ቢል ያመነው ማነው? የጠበቃው ብዕር ነው።»

እውነት አለው። ማስረጃውንም እኔው ልስጠው። ክፍለ ግዛቶቹ ከተስማሙ በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት በራሱ መንገድ የትምባሆ ኩባንያዎችን ከሶ ነበር። ነሐሴ 2006 ዓ.ም. ዳኛ ግላዲስ ኬስለር በ1,683 ገጽ ፍርድ ኩባንያዎቹ ለአሥርት ዓመታት ሕዝብን እንዳታለሉ ወሰኑ፤ እውነቱን በጋዜጣና በቴሌቪዥን በራሳቸው ስም እንዲናገሩም አዘዙ። ኩባንያዎቹ በመግለጫው ቃላት ላይ 11 ዓመት ተከራከሩ። ሆን ብለው ሕዝብን አሳስተዋል የምትለዋን መግቢያ በይግባኝ አስወጧት። በኅዳር 2017 መግለጫው መውጣት ሲጀምር የደረሰው ቃል በጠበቃ ሚዛን የተመዘነ፣ በችሎት መቀስ የተከረከመ ነበር። እንዲህ ያለውን ንስሐ የትኛው የንስሐ አባት ይቀበለዋል?

ታዲያ ቃሉን መፈለግ ከንቱ ነው? ለዚህ መልስ የሰጠችኝ አንዲት እናት ናት። በልጅነቴ ሠፈር አንድ ሹፌር የአንዲት ባልቴት ልጅ ገጭቶ ገደለ። ሽማግሎች ገቡ፤ የሹፌሩ ወገኖች ጥሩ ገንዘብ አቀረቡ። እናቲቱ ግን ገንዘቡን ዞር ብላም አላየችው። «ልጄ ሮጦ ገባበት ያላችሁትን ቃል አንሡልኝ» አለች። «ልጄ ቀልብ አልነበረውም ተብሎ አይቀበርም።» ሽማግሎቹ አደሩበት። በማግሥቱ ሹፌሩ ልጁ ዳር ይዞ ይሄድ እንደነበር በሰው ፊት ተናገረ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ያን ጊዜ ነው ለገንዘቡም እጇን የዘረጋችው።

ይህች ሴት ያስተማረችኝ መናዘዝ ሁለት ሥራ እንዳለው ነው። አንዱ በዳዩን ዝቅ ማድረግ፣ ማሳፈር፣ መለወጥ ነው። ሁለተኛው ለተበዳዩ እውነቱን መመለስ ነው፤ በላዩ የተጫነውን የውሸት ጥፋት ማንሣት። ወዳጄ የሚለው ስለ መጀመሪያው ነው፤ ልክ ነው፣ ኩባንያ አያፍርም። ሁለተኛው ግን የበዳዩን ኀፍረት አይጠይቅም። እውነቱ መውጣት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። «ማን አስገደደህ?» የተባለው አጫሽ፣ «ዕዳህን ያልከፈልክ አንተ ነህ» የተባለው ባለቤት የሚፈልጉት እናቲቱ የፈለገችውን ነው።

ኩባንያ አንገት ባይኖረውም ወረቀት አለው። በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፍ ማስታወሻ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ «ይህን አንብበህ አጥፋው» የሚል ደብዳቤ ሁሉ አለው። ሰው በአፉ የሚክደውን ኩባንያ በእጁ ይጽፈዋል። ይህን ከማንም ይልቅ የተረዳው ሰው የሚኒሶታው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሁበርት ሃምፍሪ ሣልሳዊ ይመስለኛል። በዚያ ክስ ኩባንያዎቹ ያስረከቡት ሰነድ ከ30 ሚሊዮን ገጽ በላይ ነበር። በግንቦት 1998 ነገሩ ለጁሪ ሊቀርብ ጫፍ ላይ ሲደርስ ስምምነት ተደረገ። ገንዘቡ ከስድስት ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ሰነዶቹም ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ ተወሰነ። በሚኒያፖሊስ ከተማና በእንግሊዝ አገር በጊልፎርድ ማንም ገብቶ የሚያነብባቸው መዛግብት ተከፈቱ። ሕፃናትን እንዴት እንደሚስቡ የመከሩበት፣ ስለ ካንሰር ምን እንደሚያውቁ የጻፉበት ወረቀት ወጣ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ያሉ ሐኪሞች፣ ተመራማሪዎችና ሕግ አውጪዎች ከዚያ ምንጭ ጠጥተዋል።

በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ካስተማሩን ሁሉ የማልረሳው ሰው ሊዋሽህ ይችላል፣ ከመዋሸቱ በፊት የጻፈውን ፈልግ የሚለውን ነው። ሚኒሶታ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ከስድስት ቢሊዮኑ ዶላር ብዙው ዛሬ ተበልቶ አልቋል። ወረቀቱ ግን አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እንዲጠራ ግን መስኮቱን የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል።

ሳይጠየቁ ማን አስታረቃቸው?

አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ ከሁሉ የሚከብደውም እርሱ ነው። በእኛ ሽምግልና ይቅር የሚለው የተበደለው ሰው ነው። ሽማግሌ ይለምናል፣ ይማልዳል፣ ይገዝታል እንጂ በተበዳይ ፈንታ ይቅር አይልም። ዐቃቤ ሕግ ሲፈርም በማን ፈንታ ነው ይቅር የሚለው?

የኦክሲኮንቲን ታሪክ ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት አምጥቶታል። ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ ይህን ከኦፒዮይድ ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ ገበያ ላይ ያዋለው በ1996 ነው። ሱስ የማስያዝ አደጋውን አሳንሶ በማስተዋወቁ በ2007 በወንጀል ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ በ2020 እንደገና ጥፋተኛ ነኝ አለ። ይኸውላችሁ፣ ቃሉ ሁለት ጊዜ መጣ! ነገር ግን የተናገረው ኩባንያው ነው፤ የኩባንያው ባለቤት የሆነው የሳክለር ቤተሰብ ምንም ጥፋት የለብኝም አለ። ወዳጄ ያለው እዚህ ላይ ደረሰ፤ አንገት የሌለው አካል ድንጋዩን ተሸከመ፣ አንገት ያላቸው ቆመው አዩ። ከ1999 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ሐኪም ባዘዘውም ሆነ በሕገ ወጥ ኦፒዮይድ ከመጠን በላይ በመውሰድ 645 ሺህ ያህል ሰው በአሜሪካ ሞቷል።

ፐርዱ በ2019 ኪሳራ አወጀ። ከብዙ ድርድር በኋላ ቤተሰቡ እስከ 6 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል፣ በምላሹም ማንም ሰው በዚህ ጉዳይ እንዳይከሰው ሊደረግ ተስማሙ። በዚያ ዕቅድ ለአንድ ተጎጂ ወይም ለሟች ቤተሰብ የሚደርሰው ከ3,500 እስከ 48,000 ዶላር ነበር። መጋቢት 10 ቀን 2022 ዓ.ም. የፍርድ ቤት ችሎት በርቀት ተሰየመ። ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች ለሦስት የቤተሰቡ አባላት ተናገሩ፤ ሁለቱ በምስል ታዩ፣ አንዱ በድምፅ ብቻ ነበር የተገኘው። አደመጡ። መልስ አልሰጡም። ሥርዓቱ መስማትን እንጂ መመለስን አያዝዝም ነበር።

ሰኔ 27 ቀን 2024 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዕቅዱን በ5 ለ4 ድምፅ ሻረው። ፍሬ ነገሩ፣ ራሱ ኪሳራ ያላወጀን ሰው ተጎጂዎች ሳይስማሙ ከክሳቸው ነፃ ማውጣት የኪሳራ ሕጉ አይፈቅድም የሚል ነው። በእኛ አነጋገር ያልታረቀን ሰው ታርቋል ብሎ መፈረም አይቻልም ማለት ነው። የተቃወሙት አራት ዳኞችም የተናገሩት ከባድ ነበር፤ ይህ ውሳኔ ለዓመታት የጠበቁትን ተጎጂዎች በባዶ እጅ ያስቀራቸዋል፣ የሚበዙትም ዕቅዱን ደግፈው ነበር አሉ። ሁለቱንም ወገን ሳነብ ልቤ ተከፍሎ ነበር። ብዙኃኑ ገንዘቡን ቢሹ፣ አንዲት እናት ግን «ቃሉን አንሡልኝ» ብትል፣ የብዙኃኑ ችግር የእርሷን መብት ይሽራል?

አይሽርም ባይ ነኝ። ምክንያቴም የሆነው ተከታዩ ነገር ነው። ሁሉ ነገር ፈረሰ በተባለበት ማግሥት ድርድሩ እንደገና ተጀመረ። ጥር 2025 ላይ 7.4 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ አዲስ ስምምነት ቀረበ፤ ክፍለ ግዛቶቹ ደገፉት፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ዳኛው አጸደቁት። በዚህኛው ያልተስማማ ሰው ክሱን ይዞ መቅረት ይችላል፤ የኩባንያው የውስጥ ሰነዶችም ለሕዝብ እንዲከፈቱ ተደርጓል። ጥቂቶቹን ማክበር ብዙዎቹን አላስራበም። ከትምባሆውም ስሕተት ትምህርት ተወስዷል። ከሦስት ታላላቅ የመድኃኒት አከፋፋዮችና ከጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ጋር በ2021 ይፋ በሆነው የ26 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ከገንዘቡ ቢያንስ 85 ከመቶው ሱሱ ያደረሰውን ጉዳት ለማቃለል ብቻ እንዲውል በጽሑፍ ታስሯል። እነዚህ ኩባንያዎችም ጥፋታችንን አምነን አይደለም አሉ። ያችን ዐረፍተ ነገር እስካሁን የነቀላት የለም።

እንግዲህ ከተነሣሁበት ጥያቄ ልመለስ። ዐቃቤ ሕግ ምን መሸጥ ይችላል? የሙግት ዓመታትን መሸጥ ይችላል፤ ጊዜ ለታመመ ሰው ውድ ነውና። ከቅጣቱ መጠን መቀነስ ይችላል፤ ኩባንያው ከነሠራተኞቹ ቢወድቅ ለማንም አይበጅምና። «አምኛለሁ» የምትለዋን ቃል እንኳ ካልሆነለት ይተዋት፤ አንገት ከሌለው አካል የሚወጣ ቃል ብዙ አያጽናናም። ሦስት ነገር ግን የእርሱ ስላልሆነ ሊሸጠው አይችልም። አንደኛው ወረቀቱ ነው፤ በዚያ ውስጥ ያለው እውነት የተጎጂዎች ንብረት ነው። ሁለተኛው ከጠረጴዛው ያልተቀመጠ ሰው መብት ነው። ሦስተኛው የገንዘቡ መድረሻ ነው፤ በሟች ስም የመጣ ወደ ሕያው በሽተኛ መሄድ አለበት እንጂ ወደ በጀት ቀዳዳ አይደለም። እነዚህ ሦስቱ ከተጠበቁ ነገሩን እርቅ አንበለው፣ ስሙን አናርክሰው፤ ግን ያልተዋሸበት ግልግል ልንለው እንችላለን። ሦስቱ ከተሸጡ የቀረው ግብይት ነው፤ በሬውም ከነቀንዱ ተገዝቷል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ስለዚህ በዚያም ይሁን በሌላ አገር፣ ሕዝብን ወክሎ ብዕሩን የሚያነሣ ሹም ሁሉ የቢሊዮኑን አኃዝ ከማየቱ በፊት አንዲት ጥያቄ ራሱን ቢጠይቅ እወዳለሁ፦ ይህ ወረቀት ከተፈረመ በኋላ የሟች እናት ትናንት ከምታውቀው የበለጠ ምን ታውቃለች?